ሞተሩ ስንት ነው?

ሰሞኑን አራት ሆነን ማኪያቶ እየጠጣን አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አወጣና የመርሴዲስ ሲ63ን ፎቶ አሳየን። በ2022 የወጣውን ማለቴ ነው። "ስንት ሲሊንደር እንዳለው ገምቱ" አለን። ስምንት አልን። ሳቀብን። "አራት!" አለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋው። "አራት ሲሊንደርማ የእኔም ቪትዝ አላት!"

ከዚያ ወዲያ ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ግማሾቻችን ስፖርት መኪና ያለ ትልቅ ሞተር ከበሮ የሌለው ሠርግ ነው አልን። ግማሾቻችን ደግሞ 680 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ምን ጎደለበት ብለን ተሟገትን። ሒሳቡን ከፍለን ስንወጣ እንኳን አልተስማማንም ነበር። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ነገሩን ከሥሩ ልፈትሸው አልኩ። መካከለኛ መጠን ያለው ስፖርት ሴዳን ትልቅ ሞተር ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም? ፍተሻው ወደ ጋራዥ ይወስደኛል ብዬ ነበር። የወሰደኝ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ግብር ቢሮና ወደ ሕግ አውጪው ጠረጴዛ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህ ሊገርመው አይገባም። እዚህ ከተማ "ሞተሩ ስንት ነው?" ብሎ የሚጠይቅህ ደላላ ስለ ፍጥነት አይደለም የሚያወራው። ስለ ብር ነው። በ1995 ዓ.ም (የእኛ ነው) የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 የቤት መኪኖችን በሦስት መደባቸው፤ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ 100 በመቶ። ቫቱና ሱር ታክሱ ከዚያ በኋላ በላዩ ላይ ይደረባል። ሲሲ ማለት ፒስቶኖቹ ከታች ወደ ላይ ሲሄዱ የሚጠርጉት ቦታ ስፋት ነው፤ በቀላሉ የሞተሩ ሳንባ በሉት። እንግዲህ መንግሥት ሳንባ ለክቶ ሲያስከፍል ሕዝቡ ምን ይግዛ? ሞተሩ 1,298 ሲሲ የሆነውን ቪትዝ ነዋ! ሁለት ሲሲ ለጉምሩክ ተርፎለት።

ይህ የእኛ ብቻ አበሳ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የስፖርት ሴዳን ታሪክ ራሱ ከ1,300 ሲሲ ጋር በተደረገ ሙግት ነው የጀመረው ማለት ይቻላል።

ቦታው ሙኒክ ነው። ቢኤምደብሊው በ1959 ለኪሳራ ተቃርቦ ነበር፤ የተረፈውም በተቀናቃኙ በዳይምለር ቤንዝ ሊዋጥ ለጥቂት ነው። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የሙጥኝ ያለው አንድ አዲስ መካከለኛ ሴዳን ላይ ሆነ። ሞተሩን እንዲሠራ የታዘዘው አሌክስ ፎን ፋልከንሃውዘን የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሰውዬው ራሱ ተወዳዳሪ ነጂ ነው። አለቆቹ 1.3 ሊትር ሞተር አዘዙት። እሱ አይበቃም አለ። ቢያንስ 1.5 ይሁን፣ ወደፊትም እስከ 2 ሊትር ሊሰፋ የሚችል ይሁን ብሎ ተከራከረና አሳመናቸው። መኪናው "1500" ተብሎ በ1961 ፍራንክፈርት ላይ ታየ። የሞተሩ መጠሪያ ኤም10 ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ደጋግሞ ይመጣል።

ልብ በሉ፣ ፋልከንሃውዘን ትልቅ ሞተር አልጠየቀም። ማደጊያ ቦታ ያለው ትንሽ ሞተር ነው የጠየቀው። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ቢመስልም ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በ1966 ቢኤምደብሊው አነስ ያለች ባለ ሁለት በር ሴዳን አወጣ። 1600-2 አላት። 85 የፈረስ ጉልበት፣ ቀላል ሰውነት፣ ጥሩ መሪ። ሰው ወደዳት። ከዚያ የሆነውን ነገር ሳስበው እስካሁን ያስቀኛል። ፋልከንሃውዘን ለራሱ መንጃ አንዷን ወስዶ በጸጥታ ባለ 2 ሊትሩን ሞተር አስገጠመባት። ሄልሙት ቨርነር ቦንሽ የሚባል ሌላ የድርጅቱ ኃላፊም እንዲሁ ለራሱ አስገጠመ። አንዱ የሌላውን አያውቅም። እንደሚተረከው ሁለቱ መኪኖች በአንድ ጊዜ ጋራዥ ሲገቡ ነው የተነቃቁት። አስቡት እስቲ፣ አንድ ፋብሪካ ለገበያ የሚያቀርበውን ሞተር ሁለት ኃላፊዎቹ ለራሳቸው ሲሆን አውጥተው ሌላ ሲተኩበት! ከዚህ በላይ የገበያ ጥናት የለም።

ሆኖም 2002 የተባለችው መኪና ወደ ማምረቻው የገባችው በሁለቱ ሰዎች ምኞት ብቻ አይደለም። ኒው ዮርክ ላይ ማክስ ሆፍማን የሚባል ኦስትሪያዊ አስመጪ ነበር። የአውሮፓን ስፖርት መኪኖች ለአሜሪካኖች ያስተዋወቀ፣ ምን እንደሚሸጥ አፍንጫው የሚነግረው ነጋዴ ነው። 1600ቲአይ የምትባለውን፣ ከትንሹ ሞተር በሁለት ካርቡራቶር ተጨማሪ ጉልበት የምታወጣውን መኪና ለደንበኞቹ ይፈልጋት ነበር። የአሜሪካ የጭስ ሕግ ግን አላሳለፋትም። ትንሹን ሞተር በካርቡራቶር ማስጮህ ተከለከለ ማለት ነው። ታዲያ መውጫው ምን ይሁን? ሳይጮህ ያንኑ ጉልበት የሚሰጥ ሰፋ ያለ ሞተር። በ1968 ባለ 1,990 ሲሲዋ፣ ባለ 100 የፈረስ ጉልበቷ 2002 ወጣች። ክብደቷ 1,000 ኪሎ አይሞላም። ዛሬ በዓለም ላይ "ስፖርት ሴዳን" ሲባል ሰው በሐሳቡ የሚያየው ቅርጽ ከሞላ ጎደል ከእሷ የተወረሰ ነው።

እንግዲህ ትልቅ ሞተር ይበጃል ለሚሉት ጓደኞቼ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፣ አልክድም። 1.6ቱ ወደ 2 ሲያድግ መኪናዋ ተሻለች። ግን ያሳደገው የጭስ ሕግ መሆኑንም አብረው ይመዝግቡልኝ።

የ2002 ዕጣ አንድ ሌላ ምዕራፍ አላት። መስከረም 1973 ላይ ቢኤምደብሊው ያችኑ 2 ሊትር ሳያሰፋ ቱርቦ ገጠመላትና 170 የፈረስ ጉልበት አደረሳት። ከፊት ለፊቷ "ቱርቦ" የሚለው ጽሑፍ በተገላቢጦሽ ነበር የተጻፈው፤ ከፊት የሚሄደው ሾፌር በመስታወቱ አንብቦ መንገድ እንዲለቅ። ጉራ ማለት ይህ ነው! ሳምንታት ሳይቆይ የጥቅምቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ፈነዳ፣ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ማዕቀብ ጣሉ፣ ጀርመን አራት እሑዶችን መኪና እንዳይነዳ አወጀች። 1,672 ብቻ ተሠርተው ነገሩ ተዘጋ።

አሜሪካኖቹ በዚያው ዘመን ጥያቄውን የመለሱት በሌላ መንገድ ነው፣ ያውም በተንኮል። ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች (5.4 ሊትር ገደማ) በላይ ሞተር እንዳይገጠም ውስጠ ደንብ ነበረው። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ደንቡ አዲስ ሞዴልን እንጂ "በትእዛዝ የሚጨመር ዕቃ"ን እንደማይጠቅስ አዩ። ለ1964 ሞዴል 389 ኪዩቢክ ኢንቹን፣ ማለትም 6.4 ሊትሩን፣ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ጂቲኦ በሚል ስም ቴምፔስት ላይ ጫኑት። አለቆቹ 5,000 ይሸጣል ቢሉ ነው። 32,450 ተሸጠ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አይቀመስም ነበር። ጣጣው ኩርባ ላይ ነው። ትልቅ የብረት ሞተር የፊት ጎማ ላይ ሲቀመጥ መሪውን ስታዞረው አፍንጫው "ቆይ፣ ላስብበት" ይልሃል። ለአሜሪካ ሰፊ ጎዳና ይህ ችግር አልሆነም። ጂቲኦን የጎዱት ኩርባዎች ሳይሆኑ የኢንሹራንስ ክፍያ፣ የጭስ ሕግና ያው የነዳጅ ማዕቀብ ናቸው።

ሽቱትጋርትም የራሷ ዕብደት ነበራት። ኤሪክ ቫክሰንበርገር የሚባል የመርሴዲስ መሐንዲስ የፕሬዚዳንቶችና የንጉሦች መኪና የሆነውን የ600ን 6.3 ሊትር ቪ8 አውጥቶ ከእሱ አነስ ያለ ሴዳን ውስጥ ከተተው። በ1968 ለገበያ ቀረበ፤ 300 ኤስኢኤል 6.3። ኤኤምጂ የሚባለው ያን ጊዜ አንድ ዓመት የሞላው ትንሽ ድርጅት ይኼንኑ መኪና ወደ 6.8 አስፍቶ በ1971 የስፓ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ሁለተኛ ወጣበት። መካከለኛ መኪና ስላልሆነ ብዙ አልቆይበትም። ያነሳሁት "63" የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ነው። ጓደኛዬ ስልኩን የደፋበት ቁጥር የ6.3 ሊትር ትዝታ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልለፍ፤ ታገሡኝ።

1980ዎቹ አጋማሽ። ቢኤምደብሊው 3 ሲሪስን ለእሽቅድምድም ሊያዘጋጅ ፈለገ። የውድድሩ ደንብ አንድ መኪና እንዲሳተፍ በ12 ወር ውስጥ 5,000 ለተራ ገዢ መሠራት አለበት ይላል። ስለዚህ ውድድር ላይ የምታየው ሞተር ገበያ ላይ ካለው ጋር ዘመድ መሆን አለበት። ያን ጊዜ ቢኤምደብሊው በዚያው ሰውነት ውስጥ የተገጠመ 2.5 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። መደርደሪያው ላይ ያለ፣ የሚሸጥ፣ የሚሠራ ሞተር። ፓውል ሮሸ የሚባለው የሞተር ሊቅ ግን አልወሰደውም። የስድስቱ ሲሊንደር ረጅም የክራንክ ዘንግ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ይርገበገባል፤ ከባድም ነው። እሱ ያደረገው ሌላ ነው። የትልቁን የስድስት ሲሊንደር ስፖርት ሞተር ቴስታታ ሁለት ሲሊንደር ያህሉን ቆርጦ ጣለ፣ የተቆረጠውን በብረት ዘጋና ባለ አራት ሲሊንደር ብሎክ ላይ አስቀመጠው። እንደ ሮሸ አተራረክ በሁለት ሳምንት የመጀመሪያው ሞተር ዝግጁ ነበር። ብሎኩስ የማን ዘር ነው? የፋልከንሃውዘን! በ1.3 ፋንታ 1.5 ይሁን ብሎ የተከራከረበት ያው ኤም10። ያው ብሎክ በ1.5 ሊትር መጠኑ ቱርቦ ተገጥሞለት በ1983 ኔልሰን ፒኬን የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮን አድርጎታል። ከ20 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ከተራ የቤተሰብ መኪና የተወለደ ብረት ነው ይህን ያደረገው።

የመጀመሪያው ኤም3 እንዲህ ተወለደ። 2,302 ሲሲ፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ 1,200 ኪሎ። ሮቤርቶ ራቫሊያ በ1987 የዓለም የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮን የሆነው በእሱ ነው። ተቀናቃኙ መርሴዲስ 190ኢም 2.3 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ነበር። በግንቦት 1984 አዲሱ ኑርቡርግሪንግ ሲመረቅ ታላላቆቹን ሾፌሮች ሁሉ አንድ ዓይነት 190ኢ ላይ አስቀምጠው አወዳደሯቸው፤ የ24 ዓመቱ አይርተን ሴና ኒኪ ላውዳን ሁለተኛ አድርጎ አሸነፈ። ያ ዘመን ሁለቱ ታላላቅ የጀርመን ፋብሪካዎች አነስ ባለ ሞተር የተከባበሩበት ዘመን ነው።

የታሪኩ ጣፋጭ ቦታ ግን ጣልያን ነው። ጣልያን እንደኛው ሳንባ ትለካ ነበር። ከ2,000 ሲሲ በላይ የሆነ መኪና 38 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል፣ ከዚያ በታች ያለው የዚያን ግማሽ ገደማ። 2,302 ሲሲው ኤም3 ከመስመሩ በ302 አለፈ። ስለዚህ ቢኤምደብሊው የኤም3ን ሞተር ወስዶ የፒስቶኑን ምት አሳጠረና 1,990 ሲሲ አደረገው። ተራ የ3 ሲሪስ ሰውነት ውስጥ ከተተው፤ 320አይኤስ ብሎ ለጣልያንና ለፖርቱጋል ሸጠው። ባለ አራት በርም ነበረው፤ እውነተኛ ሴዳን ማለት ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት ጠፋ ትላላችሁ? ስምንት! ከ200 ወደ 192። የጭስ ማጣሪያ የተገጠመለት ኤም3 ደግሞ 195 ስለነበር ከእሱ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ሦስት ብቻ ነው። ሦስት የፈረስ ጉልበት ለማዳን 38 በመቶ የሚከፍል ጣልያናዊ ካለ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው መጠኑን ረሳ። ለነገሩ ዘመኑም ረስቶ ነበር። ኤም3 በ1992 ወደ ስድስት ሲሊንደር አለፈ፤ በ2007 ደግሞ 4 ሊትር ቪ8 ገጠመና 420 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ኤኤምጂ በዚያው ዓመት ሲ63ን 6,208 ሲሲ ሞተር አሸክሞ አመጣ፤ 457 የፈረስ ጉልበት። አሁን ለትክክለኛነት ያህል ከጓደኞቼ ጎን ልቁም። የዚያ የኤም3 ቪ8 ክብደት 202 ኪሎ ነው፤ ከእሱ በፊት ከነበረው ባለ ስድስት ሲሊንደር በ15 ኪሎ ያነሰ። ስለዚህ "ትልቅ ሞተር አፍንጫ ያከብዳል" የሚለው የጂቲኦ ዘመን ክስ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ጥሩ መሐንዲስ ካገኘ ስምንቱም ይቀላል። ድምፁን ደግሞ አታንሱብኝ፤ ያን ሲ63 ማርሚታው አጠገብ ቆሞ የሰማ ሰው በሲሲ አይከራከርም።

ግን ደግሞ ሕግ መጣ። የአውሮፓ ኅብረት ፋብሪካዎች የሚሸጧቸው አዳዲስ መኪኖች ሁሉ አማካይ የካርቦን ጭስ ከ2020 ጀምሮ በኪሎ ሜትር ወደ 95 ግራም እንዲወርድ ወሰነ። ላለፈው ለእያንዳንዱ ግራም፣ በተሸጠው በእያንዳንዱ መኪና ቁጥር ተባዝቶ፣ 95 ዩሮ ቅጣት። ይህን ቁጥር አይቶ ቪ8 የሚያጋፍር የሒሳብ ሹም የለም። መስከረም 2022 ላይ የመጣው ሲ63 እንግዲህ ይኼ ነው፤ 1,991 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ከሞተሩ ብቻ 476 የፈረስ ጉልበት፣ ከኋላ ደግሞ 204 የሚጨምር የኤሌክትሪክ ሞተር። ከዜሮ እስከ 100 በ3.4 ሰከንድ። ስሙ ግን እንደጸና ነው፤ 63። የሌለ ሊትር ማስታወሻ።

1,991ን ስታነቡ አንድ ነገር አልመጣባችሁም? የ1968ቷ 2002 ሞተር 1,990 ሲሲ ነበር። በ54 ዓመት የአንድ ሲሲ ልዩነት! ሳንባው ያው ነው፤ ጉልበቱ ወደ አምስት እጥፍ ተጠግቷል። ነገር ግን ሌላም ቁጥር አለ። 2002 አንድ ቶን አትሞላም። ይኼኛው ሲ63 ከ2,100 ኪሎ በላይ ነው። 89 ኪሎ የሚመዝን ባትሪ ተሸክሞ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄደው 13 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሳሪስ አራት ኪሎ ደርሶ ለመመለስ አይበቃም። ሰዎች "አራት ሲሊንደር ሆነ" ብለው ሲያለቅሱ እኔ የማለቅሰው ለሁለቱ ቶን ነው። ፋልከንሃውዘን ያን መኪና ቢሰጡት ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር የሚቀይር አይመስለኝም። የሚያወርደውን ዕቃ ነበር የሚፈልገው።

ለጓደኛዬ በማግሥቱ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ስለ ጣልያኖቹ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየ። እሱ ቪትዟን የገዛት 1,298 ሲሲ ስለሆነች መሆኑን እያሰበ ይመስለኛል፤ የፈለገው መኪና ባለ 2 ሊትር ነበር፣ 100 በመቶው ነው የመለሰው። በ2012 ዓ.ም (የእኛ) አዋጁ ሲቀየር ሲሲው ላይ ዕድሜ ተጨመረበት። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለና መስመሩን ከ1,300 ወደ ዜሮ አወረደው።

"እሺ፣ ታክስ ባይኖር የቱን ትወስዳለህ?" አለኝ በመጨረሻ።

320አይኤስን አልኩት፤ ባለ አራት በሩን።

"እሱኮ የታክስ መኪና ነው!" አለኝ።

አዎ ነው። እሱ ግን ቪ8ቱን እንደሚወስድ ነገረኝና የቪትዟን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ሄደ።